ያልመጡት ወንበዴዎች

ፈረንሳዮች ለፍርሃት ያሏቸው ስሞች ብዙ ናቸው። «ፐር» ተራው የዕለት ተዕለት ፍርሃት ነው። «ክራንት» አክብሮት የተቀላቀለበት ስጋት ሲሆን፣ እኛ ፈሪሃ እግዚአብሔር የምንለውን እነሱም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። «አንግዋስ» ጥበት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ይወረሳል፤ የእኛም ሰው ሲጨንቀው «ዓለም ጠበበችኝ» ይላል። «ፓኒክ» የእረኞች አምላክ ከሆነው ከግሪኮቹ ፓን ስም የመጣ ነው፤ መንጋ ድንገት ደንብሮ ሲበታተን በዓይነ ሕሊና ይታያል። በመጨረሻም «ቴረር» አለ። እሱን እኛም በደንብ እናውቀዋለን፤ ሽብር ብለን ተርጉመን ተጠቅመንበታልና።

አንድ ልዩነት ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በፈረንሳይኛ ሰው ፍርሃት «አለው»፤ ልክ ገንዘብ ወይም ቤት እንዳለው ሁሉ። በአማርኛ ግን ፍርሃት ሰውን «ይይዘዋል»። ከዚህ በታች የማወጋው የፈረንሳዮች ታሪክ ቢሆንም፣ እንደኔ እንደኔ የበለጠ የሚገልጸው የእኛ አነጋገር ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፍርሃት ለረጅም ጊዜ ታሪክ የሚጻፍለት ጉዳይ አልነበረም። ዣን ደሉሞ የተባለው ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በአውሮፓ ጀግንነት የመኳንንት፣ ፍርሃት የተራው ሕዝብ ድርሻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ባላባቱ ፈራ ተብሎ አይጻፍም፤ ገበሬው ግን ከፈሪነት በቀር ሌላ ነገር አይጻፍለትም። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» እያልን ለምንስቅ ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ታዲያ የፈሪው ታሪክ ሲመረመር የተገኘው ነገር የሚያስቅ አይደለም። አገር የለወጠ ኃይል ነው።

በግንቦት 1750 የፓሪስ ሕዝብ በፖሊስ ላይ ተነሣ። ምክንያቱ ልጆች እየታፈኑ ነው የሚል ወሬ ነበር። የንጉሥ ወገን የሆነ አንድ ታላቅ ሰው በሥጋ ደዌ ተይዟል፣ ለመዳን በሕፃናት ደም ይታጠባል ተባለ። ስለ ደሙ የተወራው ተረት ነው። ይሁን እንጂ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚንከራተቱትን ለማስወገድ በወጣው ትእዛዝ ሽፋን፣ እናት አባት ያላቸውን ልጆች ጭምር እያፈሰ ይወስድ ነበር። ወሬው ሐሰት፣ የእናቶቹ ስጋት ግን እውነት ነበር ማለት ነው። አንድ ፖሊስ በሕዝቡ እጅ ተገደለ፤ በነሐሴ ሦስት ሰዎች በስቅላት ተቀጡ። የሐሰት ወሬ ሥር የሚሰደው በእውነተኛ በደል መሬት ላይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከ39 ዓመት በኋላ የመጣው ግን ከአንድ ከተማ ያለፈ ነበር። ፈረንሳዮች ራሳቸው «ታላቁ ፍርሃት» ብለው ሰይመውታል።

በጁላይ 13 ቀን 1788 የጣለው በረዶ በፓሪስ ዙሪያ ያለውን ሰፊ የእህል አገር አጠፋው። ተከትሎ የመጣው ክረምት ወንዞችን ያረጋ ሆነ፤ ወፍጮዎች ቆሙ። በደህናው ዘመን ሠራተኛው ከገቢው ግማሽ ያህሉን ለዳቦ ያወጣ ነበር፤ በ1789 ጸደይ ግን የሚያገኘው አብዛኛው በዳቦ አለቀ። ሥራ ያጡ፣ መሬት የሌላቸው ሰዎች በየመንገዱ ለልመና ፈሰሱ። ገበሬው እነዚህን መንገደኞች ሲያይ ያስብ የነበረው በማሳው ላይ ሊደርስ ስለተቃረበው እህሉ ነው። በዚያው ሰሞን በቬርሳይ የተሰበሰቡት የሕዝብ እንደራሴዎች ከመኳንንቱ ጋር ተፋጠጡ። ጁላይ 14 ቀን የባስቲል ምሽግ ተሰበረ። ዜናው ወደ ገጠር ሲደርስ ከኋላው ሌላ ወሬ ተከተለው። መኳንንቱ ሊበቀሉ ነው፤ ወንበዴዎች ቀጥረዋል፤ ወንበዴዎቹ ያልደረሰውን እህል ሊያጭዱ፣ መንደር ሊያቃጥሉ እየመጡ ነው ተባለ።

ወንበዴ ግን አልመጣም። በሻምፓኝ አውራጃ ጁላይ 24 ቀን ወንበዴዎች ጫካ ሲገቡ ታዩ ተብሎ ደወል ተደወለ፤ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ማጭድና መንሽ ይዞ ወጣ። የተገኘው የከብት መንጋ ነበር። በፍራንሽ ኮንቴ ደግሞ በአንድ ባላባት ግቢ ሕዝቡ ሲጋበዝ ባሩድ ፈንድቶ ሰው ሞተ። አደጋ መሆኑ ኋላ ቢታወቅም፣ በዚያች ሌሊት የተወራው ባላባቱ ሆን ብሎ ሕዝቡን ሊፈጅ ነው የሚል ነበር፤ በዙሪያው ያሉ ግቢዎች ተቃጠሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ማለት ይህ ነው።

ወሬው እንዴት ተጓዘ? ጆርጅ ለፌቭር በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱን ከመንደር መንደር ተከታትሎታል። ፍርሃቱ ከጁላይ 20 እስከ ኦገስት 6 ድረስ ዘልቋል። መነሻዎቹ ጥቂት ቦታዎች ነበሩ፤ ከዚያ ፖስተኛው፣ ነጋዴው፣ ከንቲባውና ቄሱ እየተቀባበሉ አብዛኛውን አገር አዳረሱት። እንደ ብሬታኝ ያሉ ጥቂት አውራጃዎች ግን ብዙም ሳይነካቸው አለፈ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። አንዱ መንደር ሲደወል ጎረቤቱ መሣሪያ አንሥቶ ለእርዳታ ይሮጣል፤ ከሩቅ የሚያየው ሦስተኛው መንደር ግን የሚያየው አቧራና የታጠቀ ሰው ነው። «መጡ!» ይላል፤ እሱም ይደውላል። ሊረዳ የመጣው ሰው ራሱ ወንበዴ ሆኖ ታየ።

ይህ ሁሉ ያለ ውጤት አልቀረም። ገበሬው ወንበዴ ቢያጣ በእጁ የያዘውን መሣሪያ ይዞ ወደ ባላባቱ ግቢ ዞረ። የፈለገው የሰው ነፍስ አልነበረም፤ የተገደሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የፈለገው ግብርና ግዴታው የተጻፈበትን መዝገብ ነበር። መዝገቡን አውጥቶ በአደባባይ አቃጠለው። ጭሱ ቬርሳይ ሲታይ እንደራሴዎቹ በተራቸው ፈሩ። ኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት መኳንንቱ ራሳቸው እየተነሡ መብታቸውን ተዉ፤ የዘመናት የባላባት ሥርዓት በአንድ ሌሊት መሠረቱ ተናጋ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሰብዓዊ መብት መግለጫው ጸደቀ። ከዚያ መግለጫ ጀርባ የፈላስፋዎች ሐሳብ እንዳለ ሁላችንም ተምረናል፤ የከብት መንጋ አይቶ የደነገጠ ገበሬ እንዳለም መርሳት አይገባንም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ፍርሃትን ባመሰገንኩ ነበር። ግን አላበቃም።

በሴፕቴምበር 1792 የጠላት ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ፣ «ወጣቱ ወደ ግንባር ሲዘምት እስረኞቹ ወህኒውን ሰብረው ወጥተው ቤተሰቡን ይፈጃሉ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝቡ ወህኒ ቤቶቹን ሰብሮ ገባና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች ገደለ። ብዙዎቹ ከፖለቲካ ጋር የማይገናኙ ተራ ሌቦች ነበሩ። እንግዲህ በ1789 መዝገብ ያቃጠለው ፍርሃት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው አረደ። ከዚያ በኋላ መሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ይመስለኛል የነገሩ ሁሉ መክፊያ፦ ሕዝቡ በፍርሃት ከሚገድል መንግሥት ራሱ ያስፈራራ አሉ። ዳንቶን አብዮታዊው ፍርድ ቤት ሲቋቋም የተከራከረው በዚሁ መንገድ ነው። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1793 የወጣው የተጠርጣሪዎች ሕግ ሰውን በሥራው ብቻ ሳይሆን በንግግሩና በወዳጆቹ ጭምር እንዲታሰር ፈቀደ። በሕግ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው የተገደሉት 16 ሺህ 600 ያህል ሲሆኑ፣ ያለ ፍርድ የተገደሉትና በወህኒ የሞቱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ35 ሺህ እስከ 40 ሺህ ይገመታል። ከተፈረደባቸው መካከል መኳንንቱ ከአሥር አንድ አይሞሉም፤ አብዛኛው ተራ ሰው ነው።

ሮቤስፒየርን የጣለውም ያው ፍርሃት ነው። በጁላይ 26 ቀን 1794 በምክር ቤቱ ተነሥቶ ከሐዲዎች አሉ አለ፤ ስማቸውን ግን አልተናገረም። ስም ስላልጠራ እያንዳንዱ እንደራሴ «እኔን ነው» ብሎ አደረ። በማግስቱ ያዙት፤ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተቀላ። ወዲያው «ቴሮሪስት» የሚለው ቃል ተፈጠረ፤ በመጀመሪያ ስሙ የተሰጠው መንግሥትን ለሚወጋ ሳይሆን መንግሥት ሆኖ ሕዝብን ለሚያሸብር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ወገኖች ሲበቀሉ፣ በንጉሡ ነጭ ዓርማ ምክንያት የእነሱ ግድያ «ነጭ ሽብር» ተባለ።

እነዚህ ቃላት እግር አውጥተው ሄዱ። የሩሲያ ቦልሼቪኮች ራሳቸውን የፈረንሳይ አብዮተኞች ወራሽ አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ በ1918 «ቀይ ሽብር» አወጁ፣ በዚያው ዓመትም በሞስኮ ለሮቤስፒየር ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈራረሰ፤ ቃሉ ግን ቆመ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ባላጋራዎቹን «ነጭ ሽብር» ነዙ ብሎ ሲከስ፣ በአብዮት አደባባይም በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሲከሰከሱ፣ ሁለቱም ስሞች የተቀዱት ከሩቅ ነበር። የፈሰሰው ደም ግን የራሳችን ነው። ቃሉ ከፓሪስ፣ አስከሬኑ ከየሰፈራችን።

ይህን ታሪክ የምወደው ፍርሃትን እንዳልንቅ ስለሚያስገድደኝ ነው። የፈረንሳይ ገበሬ ሞኝ አልነበረም። ተርቦ ነበር፣ ተበድሎ ነበር፣ የሚያምነው የዜና ምንጭም አልነበረውም። እነዚህ ሦስቱ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የከብት አቧራ ጦር ሆኖ ይታያል። ዛሬ ደወሉ በየኪሳችን ነው፤ ፖስተኛው በፈረስ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ወሬ ስልካችን በአንድ አፍታ ያደርሰዋል። ስለዚህ «እየመጡ ነው» የሚል መልእክት ሲደርሰን ሁለት ጥያቄ ብንጠይቅ ይበጃል። አንደኛው፣ አቧራውን ያየው ማን ነው? ሁለተኛው ደግሞ ይከብዳል፤ ሕዝቡ ይህን ለማመን የተዘጋጀው ምን ቢበደል ነው? የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠይቅ መንግሥት ወሬኛ ያስራል። ሁለተኛውን የማይጠይቅ አገር ግን የሚቀጥለውን ደወል ይጠብቃል።