የመሪ ሞትና የልዕለ ኃያላን ኀዘን፦ «ብላክ ሀመር» በኮሚክ ታሪክ ውስጥ

በልዕለ ኃያላን ኮሚክ ውስጥ ጀግና ሲሞት አንባቢ የሚያዝንለት እስከ መቼ ነው? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ከዘውጉ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጀግና ሞት በዘውጉ ውስጥ የነበረውን ሥፍራ በጥቂቱ ከቃኘን በኋላ፣ ግንባር ቀደማቸው የሞተባቸውን የጀግኖች ቡድን ኑሮ የሚተርከውን «ብላክ ሀመር» (ጥቁር መዶሻ እንደ ማለት ነው) የተሰኘ ሥራ እንመለከታለን።

የዘውጉ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ሱፐርማን ለአንባብያን የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የባለቤትነት መብቱን ለአሳታሚው ያስረከቡት በ130 ዶላር ነበር። ይህ የውል ጉዳይ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን ያገናኘዋል ይባል ይሆናል። ግንኙነቱ ግን የጠበቀ ነው። ገጸ ባሕርዩ የኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ የሚሞትበትንም ሆነ ከሞት የሚነሣበትን ጊዜ በአብዛኛው የሚወስነው ገበያ ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ሞተ፤ ባልንጀሮቹ አልቅሰው ቀበሩት፤ በ1993 ተመልሶ መጣ። የቀብሩ ሥርዓት የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሟቹ እንደሚመለስ በልቡ የጠረጠረ አንባቢ ኀዘኑ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ኩባንያዎቹ ያሳተሙት ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። ጂም ስታርሊን እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው «የካፒቴን ማርቭል ሞት» ጀግናው የሚሞተው በጠላት እጅ ሳይሆን በካንሰር ነው። ባልንጀሮቹ ጉልበታቸው ምንም ሳይፈይድለት አልጋውን ከበው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ኀዘኑ በአንድ መጽሐፍ ተጀምሮ በዚያው ያልቃል፤ አልቃሾቹም ወደየራሳቸው ገድል ይመለሳሉ። ከሞቱ በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ የሚተርክልን የለም።

ያን ጊዜ ለመተረክ ደራሲው በገጸ ባሕርዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 በኦሬጎን የተመሠረተው ዳርክ ሆርስን የመሰሉ ነጻ አሳታሚዎች ደራስያን የሥራቸው ባለቤት ሆነው የሚያሳትሙበትን በር ከፍተዋል። «ብላክ ሀመር» በዚሁ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2016 መውጣት ጀመረ፤ ደራሲው ካናዳዊው ጄፍ ሌሚር፣ ሠዓሊው ዲን ኦርምስተን ናቸው። በ2017 በምርጥ አዲስ ተከታታይ ሥራነት የአይዝነር ሽልማትን አግኝቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ነው። ብላክ ሀመር የተባለው ጆ ዌበር ከጓዶቹ ጋር ስፓይራል ሲቲን ከጥፋት አድኗል። ከድሉ በኋላ ግን ጀግኖቹ ሳያስቡት መውጫ የሌለው የገጠር እርሻ ላይ ራሳቸውን ያገኛሉ። ጆ ወሰኑን ጥሶ ለመውጣት ሲሞክር ይሞታል። ትረካው ሲከፈት በእርሻው ላይ ዐሥር ዓመት አልፏል። ስለዚህም ሟቹን በአብዛኛው የምናውቀው በቀሪዎቹ ትዝታ ነው። የመቼቱ ምርጫም በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፤ ሌሚር በኦንታሪዮ በምትገኘው ኤሴክስ አውራጃ ገበሬ ቤት ያደገ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በአውራጃዋ ስም በሰየመው ሥራውም የገጠርን ብቸኝነትና ኀዘን ተርኳል።

ቀሪዎቹ የሚያዝኑት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አብርሃም ስላም እርሻውን እንደ ቤቱ ተቀብሎ፣ በመንደሩ ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት ወድዶ አዲስ ኑሮ ይጀምራል። ጎልደን ጌል ደግሞ በሕፃን አካል የታሰረች ጎልማሳ ሴት በመሆኗ እያንዳንዱ ቀን ስቃይ ነው፤ የአብርሃም መረጋጋት ለእርሷ ክሕደት ይመስላታል። ባርባሊየን የተባለው የማርስ ተወላጅ ለመንደሩ ቄስ ያደረበትን ፍቅር በሆዱ ይዞ ብቸኝነቱን ይገፋል። አንዱ ሲጽናና ሌላው የሚቆስልበት ይህ ግጭት የታሪኩ ሴራ ዋና አንቀሳቃሽ ነው። የኩባንያዎቹ ኮሚክ በአንድ የቀብር ትዕይንት የሚያልፈውን «ብላክ ሀመር» የዕለት ኑሮ አድርጎ ያቀርበዋል።

ታሪኩን ከዚህም የሚያከብደው የእውነት ጥያቄ ነው። የጆ ልጅ ሉሲ ጋዜጠኛ ሆና አባቷን ፍለጋ እርሻው ድረስ ትመጣለች። እርሷ የምትሻው መጽናናትን ሳይሆን አባቷ የት እንደ ገባ ማወቅን ነው። በ13ኛው ቁጥር መጨረሻ የአባቷን መዶሻ ታነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ተከታይ ክፍል፣ ከኀዘንተኞቹ መካከል ማዳም ድራገንፍላይና ኮሎኔል ዊርድ ስለ እርሻው ምሥጢር እያወቁ እንደ ደበቁ ይገለጣል። ከዚህ የምንረዳው ለዐሥር ዓመት የዘለቀው አብሮ ማዘን ምን ያህል በውሸት ላይ የቆመ እንደ ነበረ ነው።

ሙሾ ለሟች የሚወርድ ይምሰል እንጂ የቀሪዎቹን ሁኔታ ጭምር እንደሚናገር የቃል ግጥም ተማሪዎች ያውቃሉ። «ብላክ ሀመር» በኮሚክ ታሪክ ሥፍራ የሚገባውም ይህንኑ በመገንዘቡ ይመስለናል። ዘውጉ ሟቹን በማስነሣት ሲሸሸው የኖረውን ጥያቄ፣ ማለትም መሪ ከሞተ በኋላ ቀሪው እንዴት ይኖራል የሚለውን፣ የታሪኩ መነሻ አድርጎታል። ተማሪዎች የአንድን ሥራ ጭብጥ ሲመረምሩ ገጸ ባሕርዩ የማን ንብረት እንደ ሆነም ቢጠይቁ፣ ከትረካው ውጪ የመሰለው የውል ጉዳይ በትረካው አጨራረስ ላይ ያለውን ድርሻ ለመረዳት ይቀልላቸዋል።