ፊደል የሚምታታበት ልጅ በመንዝ የቄስ ትምህርት ቤት

በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባሉ የመንዝ አጥቢያዎች ንባብ ማስተማር ለዘመናት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። ልጁ ሀሁን በስንጥር እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ ስለሚለውጥ፣ በቃሉ ሸምድዶ የሚያዜመውን ልጅ ፊደሉን በዓይኑ ከለየው ይለያል፤ ድንቅ ዘዴ ነው። ሁሉም በየአቅሙ ስለሚሄድ፣ የዘገየው ከእኩዮቹ ጋር ዳዊት እንዲደግም አይጠበቅበትም፤ ቀድሞ የገባውም ያስጠናዋል። ሆኖም ፊደል የሚምታታበት ልጅ ሰነፍ እየተባለ በአለንጋ ይገረፍ ነበር። ይህ ግፍ ነበር፤ ችግሩ አንጎል ድምፅን ከምልክት ከሚያገናኝበት መንገድ እንጂ ከስንፍና አይመጣምና። በመንግሥት በኩል ደግሞ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለልዩ ትምህርት ቦታ ሰጠ፤ አገራዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል።