የቡችላ ጥርስና የዶሮ አጥንት

መቼም ውሻና አጥንት ሲባል ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል። ከማዕድ የተረፈው ይወረወርለታል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ? እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ከዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምስት ወር ያልሞላት ቡችላችን ጫማዬን ስትቦጫጭቅ ደረስኩባት። «ጥርስ እያወጣች ነው፣ ይሄን ትቆርጥም» ብዬ ከዶሮ ወጡ ሳህን አጥንት አንስቼ ሰጠኋት። ሲመሽ ማስታወክ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

የእንስሳት ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰነጠቅ እንደ መርፌ ነው፤ አንጀት ይበሳል። የወጡ ሽንኩርትም ለውሻ ደም መርዝ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ትንሿ ልጄ ግን «አባዬ፣ አንተ አይደለህ የሰጠሃት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና ጸጸቴንም የማስታምመው በንባብ ነው። ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ።

እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ፣ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ፣ ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሠራተኞች የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም አገኙ። መቃብሩ 14 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አብሯቸው ሰባት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ተቀብሮ ነበር። በ2018 የታተመ ጥናት ጥርሶቹን መርምሮ፣ አምስት ወር ገደማ ሲሆነው ዲስቴምፐር በተባለው ክፉ የውሻ በሽታ ሳይያዝ እንዳልቀረ ገለጸ። ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ባልቆየ ነበር ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ልብ በሉ፤ ቡችላ 28ቱን የወተት ጥርሶች ጥሎ 42ቱን ዋና ጥርሶች የሚያበቅለው በዚሁ ዕድሜ ነው። ለአደን የማይሆን፣ ለዘበኝነት ያልደረሰ እንስሳ ነበር። ግን ያየው ሰው ነበረ።

ወደ እኛ ዘመን እንቅረብ። በ1860 ገደማ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ የመብረቅ መከላከያ ሊሸጥ ሎንዶን ሄደ። ወደብ ላይ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አየ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለውሻ ተብሎ የተሠራ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። በ1970ዎቹ ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ጆ ማርክሃም የተባለ ሰው፣ ፍሪትዝ የሚባለው ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ መላ አጣ። አንድ ቀን ፍሪትዝ ከቮልስዋገን ሚኒባስ ሥር የወጣ የጎማ ዕቃ አግኝቶ ድንጋዩን ረሳ። ጎማው እንደ ድንጋይ ጥርስ አይሰብርም፤ እንደ አጥንትም አይሰነጠቅም። ኮንግ የተባለው የታወቀ የውሻ መጫወቻ የተወለደው ከዚህ ነው።

ታዲያ መጫወቻው ከተገዛ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ተዘጋጅተው በሚሸጡ የአጥንት ማኘኪያዎች ሳቢያ 68 ያህል ሪፖርት እንደደረሰውና 15 ያህል ውሾች መሞታቸው እንደተነገረው ገልጿል። ሱቅ ውስጥ ታሽጎ መቀመጡ ብቻ ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

መላው ግን ቀላል ነው። ጥፍራችሁን ስትጫኑት ትንሽ እንኳ የማይሰረጉድ ነገር ለቡችላ ጥርስ ይጠነክራል። ጉሮሮው ውስጥ የሚገባ ትንሽ መጫወቻም አይሰጠውም፤ መቆራረስ የጀመረውም ይጣላል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው። ድድ ለማስታገስ ረጥቦ፣ ተጠምዝዞ የቀዘቀዘ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል፤ ቀድዶ እንዳይውጠው ግን አጠገቡ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል።

ዛሬ ቤታችን ሌላ ቡችላ አለ። ያቺ ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ጨርቁን ጠምዝዛ ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጥለት እሷ ናት። በዓል ሲሆን የዶሮውን አጥንት ከየሳህኑ የምለቅመው ግን እኔ ነኝ። ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እከታለሁ፤ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አያለሁ።