የዩኒቨርሲቲ ምርጫና ምደባ

የዩኒቨርሲቲ ምርጫና ምደባ በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ ተማሪ መማር የሚፈልግባቸውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል የሚመርጥበት፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ተማሪውን ወደ አንዱ የሚመድብበት አሠራር ነው። በብዙ አገሮች ተማሪው ለየተቋሙ ያመለክታል፣ ግቢዎችን ዞሮ ይጎበኛል፣ ከተቀበሉትም መካከል አንዱን ይመርጣል። በኢትዮጵያ ግን ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ግቢውን ሳያዩ ነው። ስለዚህ ተቋማትን የማነጻጸሩ ሥራ በዋናነት የሚከናወነው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በሚሰበሰብ መረጃ ነው።

ታሪክ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር አገሪቱ ሌላ ተመሳሳይ ተቋም አልነበራትም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት እንደ አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ያሉ ጥቂት ተቋማት ብቻ ስለነበሩ የተማሪው ጭንቀት ማለፍ እንጂ መምረጥ አልነበረም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው መስፋፋት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ስለዚህ «የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኘው በቅርብ ጊዜ ነው።

የአምቦ (በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት) ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በከተማዋ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤት በየጊዜው እያደገ ኮሌጅ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በግብርና የተጀመረው ተቋም ዛሬ ሕክምናን፣ ምህንድስናንና ማኅበራዊ ሳይንስን ጭምር ያስተምራል።

የምደባው አሠራር

ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ቆይቷል። ለብዙ የገጠር ተማሪዎች ይህ የፈተና ሳምንት ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩበት ነው። በዚያው ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ያላለፉ ነገር ግን የተሻለ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ትምህርት እንዲከታተሉ ተደርጓል።

በምደባው የተማሪው ውጤት፣ የምርጫው ቅደም ተከተልና የየተቋሙ የቅበላ አቅም ይታያሉ። ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለጽኑ ሕሙማንና ለመንትዮች ማስረጃ በማቅረብ ልዩ ጥያቄ የሚስተናገድበት አሠራር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች (አዲስ አበባና አዳማ) ደግሞ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ።

ምደባው ወደ ዩኒቨርሲቲ እንጂ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት (ፍሬሽማን) ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ትምህርት ክፍል የሚመርጠው የጋራ ኮርሶችን ከወሰደ በኋላ፣ በውጤት ተወዳድሮ ነው። በመሆኑም በዩኒቨርሲቲው የሌለ ትምህርት ክፍል በኋላ ሊመረጥ አይችልም። ቅጹ ሲሞላ ከሚታዩ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።

የሚነጻጸሩ ነገሮች

የተቋሙ ዓይነት፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የተግባራዊ ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው በተልዕኮ ተለይተዋል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ መቐለና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ግቢ፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ በተለያዩ ከተሞች ግቢዎች ሊኖሩት ይችላል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በአምቦ ከተማ ከዋናው ግቢ ሌላ የሃጫሉ ሁንዴሳ ግቢ አለው። ይህ ግቢ የተሰየመው በአምቦ ተወልዶ በ2012 ዓ.ም. በተገደለው ድምፃዊ ነው። ግብርናና የእንስሳት ሕክምና የሚሰጠው ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጉደር፣ በማሞ መዘምር ግቢ ነው። የወሊሶ ግቢ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ይገኛል። «አምቦ ደረሰኝ» የሚል ተማሪ የሚኖረው ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ርቀት፦ ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው መንገድ ወደ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮና ነቀምቴ ይቀጥላል። በዞን ብቻ መምረጥ ያሳስታል፤ ባኮ በምዕራብ ሸዋ ብትገኝም ለባኮ ተማሪ ከአምቦ ይልቅ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ነቀምቴ ትቀርባለች። ቅርበት የትራንስፖርት ወጪን ይቀንሳል፤ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋም ለቤተሰብ ዋስትና ነው።

ቋንቋ፦ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የገበያውና የሰፈሩ ቋንቋ ግን እንደ አካባቢው ይለያያል። በአፋን ኦሮሞ የተማረ የምዕራብ ሸዋ ልጅ ባሕር ዳር ሲመደብ፣ የጎጃም ልጅ ደግሞ አምቦ ሲመደብ አዲስ ቋንቋ ይለምዳሉ። ይህን አንዱ እንደ ችግር፣ ሌላው እንደ ትርፍ ያየዋል።

ወጪ፦ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በዚህ መሠረት የትምህርቱን ወጪ 15 ከመቶና የምግብና የመኝታ ወጪውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። በካፌ የማይመገቡ («ኖን ካፌ») ተማሪዎች ለምግብ የተመደበው ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ በከተማው የኑሮ ውድነት መሠረት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ከነባር ተማሪ የሚጠየቅ ነው።

የግል ኮሌጆች

ምደባ ያላገኘ ወይም ከቤቱ መራቅ ያልፈለገ ተማሪ በግል ኮሌጅ ከፍሎ ይማራል። እዚህ ተማሪው ራሱ ስለሚመርጥ የንጽጽሩ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ግቢና ለትምህርቱ አሰጣጥ (መደበኛ፣ ማታ፣ ርቀት) ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ለአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ያንኑ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም የተማረ ሰው ገንዘቡንና ዓመታቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ፈቃዱን ከባለሥልጣኑ ማረጋገጥ ይመከራል።

የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት በአገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ይህ አማካይ ቁጥር ስለ አንድ ኮሌጅ ብቻውን አይናገርም፤ ጠቃሚው የሚፈለገው ትምህርት ክፍል በዚያ ተቋም ከስንት ተፈታኝ ስንት እንዳሳለፈ መጠየቅ ነው።

ግቢውን መጎብኘት

መጎብኘት ለቻለ ተማሪ ከበሩና ከሕንጻው ውበት ይልቅ የሚጠቅመው የዕለት ኑሮውን ማየት ነው፦ ውሃ በዶርም በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ ተቆልፏል፣ ክሊኒኩ ማታ ሰው አለው ወይ። መሄድ ያልቻለ እነዚህኑ ጥያቄዎች በዚያ ግቢ ለሚማር የሰፈሩ ወይም የትምህርት ቤቱ ልጅ ማቅረብ ይችላል። ከአንድ ሰው ይልቅ ሁለትና ሦስት፣ በተለይም ከሚፈለገው ትምህርት ክፍል፣ መጠየቅ ይሻላል፤ ስለ ሴቶች ዶርምና ማታ ስለመንቀሳቀስ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡት ሴት ተማሪዎች ናቸው።