ስለ «መጋጠሚያ»

መጋጠሚያ የሚለው ቃል ገጠመ ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ፣ ሰሚው ሁለት ነገሮች ያለ ክፍተት የተያያዙበትን ስፍራ ቢያስብ አያስደንቅም፤ ግንበኞች ግን በጋራዥ የኮንክሪት ወለል ላይ መጋጠሚያ የሚሉት፣ የወለሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው እንዳይገፋፉ ሆን ተብሎ የተተወውን ክፍተት ነው። ኮንክሪት ድንጋይ ቢመስልም ከሐሩርና ከቁር ሥልጣን ነጻ አይደለምና፣ 6 ሜትር የሚረዝም ወለል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት አልፎ ይረዝማል፤ መሄጃ ያጣ እንደ ሆነም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክፍተቱን በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው፣ እንዲህ ያለውም ብዙ ነው፣ የቃሉን ፊደል እንጂ ምሥጢሩን አላገኘም፤ እኔ ብጠየቅ «መፈናፈኛ» ብዬ በሰየምሁት ነበር። የሚገባው መሙያ የሚለጠጥ ማሸጊያ ነው፤ ይኸውም አቧራው ተጠርጎ ከወጣ በኋላ፣ ከክፍተቱ ጥቂት የወፈረ የስፖንጅ ገመድ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ይገባና፣ ማሸጊያው ከበላዩ ሲፈስ ሁለቱን ጎኖች ብቻ ይይዛል፤ ከታችም የተጣበቀ እንደ ሆነ በሦስት ወገን ተይዞ መለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል። የማሸጊያው ጥልቀት የክፍተቱን ስፋት እኩሌታ ያህል ቢሆን ይበቃል።