ቡና ለልጄ ጉልበት ይሆነዋል? የካፌይንና የሚቶኮንድሪያ ታሪክ



ልጅዎ የሚቶኮንድሪያ ሕመም ካለበት፣ ድካሙን እያዩ «ቡና ያነቃል፤ ትንሽ ብሰጠውስ?» ብለው አስበው ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚቶኮንድሪያ በህዋሳችን ውስጥ ያለ ምድጃ ነው ማለት ይቻላል። የበላነውን ምግብ በኦክስጅን አቃጥሎ ሰውነታችን የሚሠራበትን ኃይል ያወጣል። በ1962 ስዊድናዊው ሐኪም ሮልፍ ሉፍትና ባልደረቦቻቸው የአንዲት የ35 ዓመት ሴት ሕመም ይፋ አደረጉ። ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በጣም ያልባታል፣ ብዙ ትበላለች፤ ግን ከሲታና ደካማ ነበረች። ችግሩ የተገኘው ከጡንቻዋ ሚቶኮንድሪያ ነው፤ ምግቡ ይቃጠላል፣ ኃይሉ ግን በሙቀት መልክ ይባክናል። የሚቶኮንድሪያ ሕመም የተለየው ያኔ ነው። በ1988 ደግሞ በሚቶኮንድሪያ የራሱ ዘረመል ላይ የሚከሰት ለውጥ ሰውን እንደሚያሳምም ታወቀ።

የካፌይን ታሪክ ከዚህ ይቀድማል። በ1819 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣ። ፍሬውን የሰጠው ታዋቂው ገጣሚ ጎተ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ «ደክመሃል፣ እረፍ» ይለናል። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ መልእክቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። ልብ ይበሉ፦ ድካሙን ይሸፍናል እንጂ የተበላሸውን ምድጃ አይጠግንም።

በ2018 በጀርመን ዱሰልዶርፍ የተሠራ ጥናት ካፌይን አንድ ፕሮቲን ወደ ልብ ህዋሳት ሚቶኮንድሪያ እንዲገባ እንደሚያደርግና የአይጦችን ልብ እንደሚጠቅም አሳየ። ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን አይጦቹ በዘር የሚተላለፍ የሚቶኮንድሪያ ሕመም አልነበረባቸውም። ከአይጥ እስከ ልጅዎ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው።

ያ መንገድ እንዴት እንደሚኬድ ካፌይን ራሱ ያስተምረናል። በ1977 በካናዳ፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሕፃናት ካፌይን እንደሚረዳ ተዘገበ። ሐኪሞች ግን በዚያ አልረኩም። በ2,006 እጅግ ትናንሽ ሕፃናት ላይ ካፌይንን መድኃኒትነት ከሌለው ፈሳሽ ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2006 ወጣ፤ ካፌይን የሳንባ ጉዳትን ቀንሷል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ክትትል ደግሞ ሴሬብራል ፓልሲን እንደቀነሰ አሳየ። ዛሬ ይህ መድኃኒት በሐኪም ተለክቶ ይሰጣል።

ለሚቶኮንድሪያ ሕመም ግን ካፌይን የታወቀ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ፦

✅ ለልጅዎ ቡናም ሆነ «ኃይል ሰጪ» የሚባሉ መጠጦች አይስጡ። አንዳንዶቹ የሚቶኮንድሪያ ሕመሞች የልብ ምትን ያዛባሉ፤ ካፌይን ደግሞ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

✅ ታካሚው እርስዎ ከሆኑ፣ ከአቦል እስከ በረካ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሻይና ኮላም ካፌይን አላቸው።

✅ ቡናን በቁርስ ቦታ አይተኩ። በዚህ ሕመም ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይጎዳል።

✅ የልጅዎ ድካም ድንገት ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጤና ይብዛላችሁ! ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ።