ከመረቡ በፊት የሚደርሰው ገመድ

የኢትዮጵያ የቴሌኮም ታሪክ በአብዛኛው የረጃጅም መስመሮች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመርም የዚህ ታሪክ መክፈቻ ነው። በመስመሩ ጫፍ የሚቀመጠው መሣሪያ ሥራ የሚጀምርበት መንገድ ግን እምብዛም አይወሳም፤ ይሁንና እንደ ጉንችሬ ላሉ የወረዳ መቀመጫ ከተሞች ይህ ጫፍ ከመስመሩ ርዝመት ያላነሰ ክብደት አለው።

አይኤስዲኤን ተራውን የስልክ መዳብ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ዲጂታል የሚያደርግ አገልግሎት ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ደንቦቹ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። መሠረታዊው መስመር በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የሚሸከሙ 2 መንገዶችና ጥሪውን የሚቆጣጠር ባለ 16 ኪሎ ቢት ሌላ መንገድ አለው። ራውተር፣ ማለትም መረጃን ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው የሚመራው መሣሪያ፣ በዚህ መስመር ደውሎ ይገናኛል፤ ነገር ግን የሚደውልበት ቁጥር፣ የማዕከሉ ስዊች ዓይነት፣ የይለፍ ቃሉና የራሱ አድራሻ እስኪነገረው ድረስ ማንም በመረቡ በኩል ሊደርስበት አይችልም።

ስለዚህ ባለሙያው ራሱ መሄድ ነበረበት። ኮንሶል በሚባለው መግቢያና በላፕቶፑ ሲሪያል ወደብ መካከል ገመድ ይዘረጋል፤ ሲሪያል ማለት ቢቶች አንድ በአንድ ተከታትለው የሚያልፉበት ግንኙነት ሲሆን፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው አርኤስ-232 የተባለ ደንብ ነው። በሲስኮ ራውተሮች የተለመደው ቅንብር የ9600 ፍጥነት፣ 8 የመረጃ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (ያለ ስሕተት መቆጣጠሪያ ቢት) እና 1 የማቆሚያ ቢት ነው፤ ፍጥነቱ ካልገጠመ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርጉም አልባ ፊደል ብቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የገቡት ትእዛዞች በጊዜያዊው ማኅደር ብቻ መቀመጣቸው ነው፤ ወደ ቋሚው ማኅደር ካልተገለበጡ መብራት በጠፋ ቅጽበት ሥራው ሁሉ ይጠፋል፣ መብራት በሚቆራረጥባቸው የገጠር ከተሞችም ይህ የጥንቃቄ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

አይኤስዲኤን ግን ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማ አልነበረም። አንድ ደንበኛ አገልግሎቱን የሚያገኘው ከዲጂታል ማዕከል 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በሚደርስ የመዳብ ርቀት ውስጥ ከሆነ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ሥር የተዘረጋው ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች ሲያገናኝ በሰፊው ሳተላይትን የመረጠውም የምድሩ መስመር ሁሉም ወረዳ ስለማይደርስ ነው፤ ምርጫው በጊዜው ትክክለኛ ነበር ማለት ይቻላል። መገናኛው ሲለወጥ ከራውተሩ ትእዛዞች የስዊች ዓይነቱና የሚደወልበት ቁጥር ወጡ፤ ለአዲስ ራውተር የመጀመሪያው አድራሻ የሚሰጠው ግን ያው ኮንሶል ላይ በተሰካ ገመድ ነበር።